ሰሙ ተሻገረ፣ አንተ ቀረህ

ለአስካለ አባት፣ ለወንድም ዓለሜ፤

እንደምን ሰነበትክ እንዳልልህ፣ ዓባይ ሆድ ውስጥ ምን ደኅንነት አለ ብዬ አፌ ይያዛል። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። ከተለየኸኝ ሰባት ዓመት አለፈ። ያን ሁሉ ጊዜ በሆዴ ሳወራህ ኖርኩ፤ የአሁኑ ወሬ ግን በሆድ የሚያዝ አልሆነምና አባቴ መርጌታው ባስቆጠሩኝ ፊደል እጽፍልሃለሁ። በሰው ፊት አንቱ ስልህ የኖርኩ ነኝ። ስምህንማ ብቻችንን ሳለን እንኳ ጠርቼው አላውቅም። ባሏን በስሙ የምትጠራ ሴት ምን እንደምትባል ታውቃለህ። ስለዚህ ዛሬም የአስካለ አባት ነህ።

ቤትህን ብታየው አታውቀውም። የሣር ክዳኑ ተነሥቶ ቆርቆሮ ሆኗል። ክረምት ላይ ዝናቡ ሲደበድበው ጎን ለጎን የተኛ ሰው እንኳ አይደማመጥም፤ ደግነቱ እኔ ጎኔ የሚተኛ የለኝም። ከጊዮርጊስ ወደ ገበያው የሚወርደው መንገድ ድንጋይ ተነጥፎበት አውቶሞቢል እየጮኸ ያልፍበታል። በቅሎህ አርጅታለች፤ ያ ጩኸት ሲመጣ ግን ጆሮዋን አቁማ እንደ ጥጃ ትዘላለች። የአራዳ ልጆች አፋቸው መች ያርፋል፣ «እሜቴ መጡ፣ መንገድ ልቀቁ!» እያሉ ይስቁባታል። ገበያው ውስጥ ያንተ ቦታ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ማር እሸጣለሁ። ሰም ግን አልሸጥም።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። ልጅህ ተዳረች! እሰይ በል። ባሏ ጨዋ ነው፣ እንዳንተ ነጋዴ ነው፣ እንዳንተ ችኩል ግን አይደለም። አገሩ የት ይመስልሃል? ጎጃም። ሽማግሌዎቹ ባለፈው ዓመት ግንቦት መጥተው፣ ከሠርጉ በኋላ ሙሽሪትን ወላጆቹ ዘንድ ይወስዳታል ሲሉኝ፣ ተነሥቼ ጓዳ ገባሁ። እንግዳ አስቀምጬ ጓዳ ገብቼ የዘገየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አንዲት ልጅ አለችኝ፣ እሷንም ለዓባይ ልስጥ?

የስለትህ ሰም ከአልጋዬ ራስጌ ነበር። ታስታውሳለህ፣ አስካለ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች ፈንጣጣ ይዟት ከእጃችን ልትወጣ ደርሳ ነበር። አንተ ጊዮርጊስ ደጅ ተንበርክከህ፣ ልጄን ብትምርልኝ ከጎጃም ንጹሕ ሰም በገዛ እጄ አመጣልሃለሁ ብለህ ተሳልክ። ልጅቷ ተነሣች። አንተም መንገድ ጀመርክ። ጥቂት ቆይ፣ ውሃው ይጉደል ብልህ፣ ለኅዳር ጊዮርጊስ ካልደረስኩ ምኑን ስለት ሆነ አልከኝ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ብዬህ ነበር። ሳቅህብኝ። ያ ሳቅህ ይናፍቀኛል፤ እኔን የሚያናድድ ሳቅ እንደሱ ያለ የትም አላገኘሁም።

የሆነውን የነገረኝ ይመር ነው፣ የወሎው ጓደኛህ። ስትመለሱ ጥቅምት ነው፣ ዓባይ ጉልበቱ ገና አልደከመም። መሻገሪያው ታንኳ እንኳ አይባልም አለኝ፤ የተነፉ ስልቻዎች ናቸው፣ ከላያቸው እንጨት ተረብርቦ ታስሯል፣ ዋናተኞች ግራና ቀኝ ይዘው እየገፉ ያሻግሩታል። ዋናተኞቹ ሰው ለብቻው፣ ዕቃ ለብቻው፣ ሁለቱን ባንዴ አይችልም አሉ። ይመር እሺ ብሎ ባዶ እጁን ተሻገረ። አንተ ግን የጊዮርጊስን ስለት ለማንም እጅ አልሰጥም አልክ። የሰሙን እስር እንደ ሕፃን ታቅፈህ ከላይ ተቀመጥክ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ ይመር ከማዶ ሆኖ ሲያይህ ትስቅ ነበር። መካከል ላይ ማዕበሉ ርብራቡን በጎኑ መታው፣ አንዱ ስልቻ ተፈታና ትንፋሹ ወጣ፣ ሁሉም ባንድ ወገን ዘመመ። ዋና አትችል። ዋናተኞቹ እስኪመሽ ፈለጉህ። ሰሙን ከታች የዛፍ ሥር ይዞት አገኙት።

አይ አንተ ግትር! ሰም መች ሰጥሞ ያውቃል? ለብቻው ቢሻገር ለብቻው ይደርስ ነበር፤ ርብራቡ ቢገለበጥ እንኳ ይንሳፈፍ ነበር። ይህን ሳታውቅ ቀርተህ ነው? ዕድሜህን ሙሉ ሰም የነገድክ ሰው! ታውቀዋለህ። ስለት ስለሆነ ነው እንጂ የሌላ ሰው ሸቀጥ ቢሆን ወርውረኸው ነበር። እኔ ይኸው እስከ ዛሬ እየተናደድኩብህ እወድሃለሁ።

ይመር ሰሙን በበቅሎ ጭኖ ደጄ ድረስ አመጣው። የእናንተ የጊዮርጊስ አማና ነው፣ አደራ እኔ ጋ አያድርም አለኝ። እኛም ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ፣ በርኖስህን አልጋ ላይ ዘርግተን አለቀስንልህ። ሴት የባሏ መቃብር ላይ ትወድቃለች፤ እኔ በምን ላይ ልውደቅ? ሰሙ ቁርበት ለብሶ በጠፍር ታስሮ ነበር። ቋጠሮው ያንተ ነው። ያንን የጎረበጠ ቋጠሮህን በጨለማም እለየዋለሁ። የነፍስ አባታችን፣ ልጄ፣ ስለት ይገባል እንጂ አይታቀፍም ይሉኝ ነበር። እኔም አዎን አባቴ እላቸው ነበር። ሌሊት ደግሞ እጄን ሰድጄ ቋጠሮውን እይዝ ነበር። እሱ ከሄደ ምን ይቀረኛል እል ነበር።

ሽማግሌዎቹን ያስቀመጥኩ ዕለት ግን ጓዳ ቆሜ ሰሙን አየሁት። በእሷ ሕይወት የተሳልከው ስለት እኔ ቤት ተቀምጦ፣ እሷ ያንን ውሃ እንዴት ትሻገራለች? ወጣሁና ሁለት ነገር ነገርኳቸው። አንደኛ፣ ከኅዳር ጊዮርጊስ በፊት ሠርግ የለም። ሁለተኛ፣ ልጁ በፊታችሁ ይማል፤ በበጋ እንጂ አይሻገርም፣ ሰው ለብቻው ዕቃ ለብቻው፣ ዕቃው የቅዱስ ቢሆን እንኳ! ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ከደጅ ያስጠሩት ሙሽራ ግን አልሳቀም፣ ፊታቸው ቆሞ ማለ። ያኔ ነው የወደድኩት።

ሰሙን ፀሐይ ላይ አዋልኩት። ሲለሰልስ በጠፍሩ መካከል እየቆረስኩ አወጣሁት፣ ቋጠሮህን ሳልፈታ። እኔና አስካለ ፈትሉን ሰም እየነከርን ጧፍ አደረግነው፤ ጣታችን ተቃጠለ፣ ደግሞም ስንስቅ ዋልን፣ ያንተን ግትርነት እያነሣን። በኅዳር ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያኑ በሱ በራ። የለቅሶህ ዕለት ያላወጣሁትን እንባ ያን ዕለት አወጣሁት። ስለትህ ገብቷል፤ ዘግይቶ ቢሆንም ገብቷል።

ሠርጉ በጥር ሆነ። በየካቲት መንገድ ሲጀምሩ ይመር፣ ጉልበቱ ደክሞ ሳለ፣ የጓደኛዬን ልጅ እኔ ነኝ የማሻግራት ብሎ አብሮ ሄደ። እስኪመለስ ድረስ ዓይኔን ከመንገዱ አላነሣሁም። በር ላይ ሲቆም ከሁሉ አስቀድሜ ፊቱን አየሁ። ተሻግራለች አለኝ። ሣጥኗን አስቀድማ ልካ፣ እሷ ባዶ እጇን ተቀምጣ ተሻግራለች። ማዶ ስትደርስ ግን አልወጣችም። ጎንበስ ብላ ውሃውን በእፍኟ ቀድታ፣ የቤተ ክርስቲያን ደጅ እንደሚሳም ሳመችው፣ አባዬ ብላ። ይመር ይህን ሲነግረኝ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። መቃብርህን ከእኔ በፊት የሳመችው ልጅህ ሆነች።

እኔ ዓባይን አይቼው አላውቅም። ስሙ ሲነሣ ከሰው መካከል ተነሥቼ የምሄድ ነበርኩ። አሁን ግን ቆርጫለሁ። በመጪው በጋ ልጄን ልጠይቅ እሄዳለሁ። ጠፍሩን ከነቋጠሮው ወገቤ ላይ እታጠቀዋለሁ፤ ስንቄና ዕቃዬ ለብቻው ይሻገራል፤ አትሳቅ። ከመሳፈሬ በፊት ግን ዳር ላይ እቆማለሁ። ያ ውሃ ይጮኻል አሉ፤ እኔም ከሱ በላይ እጮኻለሁ። ነጋዴው ይስማ፣ ዋናተኛው ይስማ፣ ባሏን በስሙ ጠራች ይበሉኝ። በሕይወት እስካለሁ በየበጋው እየመጣሁ እጠራሃለሁ፤ አፌ እንዲለምድ ዛሬ እዚህ ልጀምረው፤

ደምሴ።