ወደ ሐይቁ የዞረው መስገጃ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ውድ አባባ፣ ሰላምታዬ ከሀዋሳ ተነስቶ ኮምቦልቻ ሱቅዎ በር ላይ፣ ከዚያች ዱካዎ ላይ እንደተቀመጡ ይድረስዎት። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? መነጽርዎን አሁንም ግንባርዎ ላይ ሰቅለው ቤቱን ሁሉ እያገላበጡ ይፈልጉታል? እኔ አልሐምዱሊላህ አካሌ ደህና ነው፤ እዚህ ጋ አመመኝ የምለው የለም።

ስልክ እያለ ወረቀት ምን አመጣው ይሉ ይሆናል። ጆሮዎ ስልክ አልሰማ ካለ ወዲህ የምናወራው በይማም በኩል ነው። ወንድሜን አላማውም፤ ሥራውን ትቶ በመካከላችን ይቆማል። ግን እኔ ስተርክ የቆየሁትን ሁሉ ወደ እርስዎ ዞር ብሎ “ደህና ነኝ ትላለች” በማለት ይጨርሰዋል። እርስዎም “አልሐምዱሊላህ” ይላሉ፤ ስልኩም ይዘጋል። ስለዚህ ይማም የማያሳጥረውን ነገር በወረቀት ልኬልዎታለሁ።

ሰሞኑን ልጆቹን የማስተምረው ስለ ማግኔት ነው። ርዕሱን ሰሌዳ ላይ ስጽፍ የመጡብኝ እርስዎ ነዎት። ሱቅ ውስጥ የምስማር ካርቶን ተቀዶ ሲበተን፣ ከተሰበረ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ያወጡትን ያን ጥቁር ክብ ማግኔት በሲባጎ አስረው ወለሉ ላይ ይጎትቱት ነበር። ምስማሩ እየተንጠለጠለ ሲከተልዎት እኔ ከኋላ እያጨበጨብኩ እሮጣለሁ። ቁራሊዮዎቹም ብረቱን ከመዳቡና ከአሉሚኒየሙ ለመለየት ከእርስዎ ይዋሱት ነበር። መዳቡን ለምን አያነሳውም ብዬ ስጠይቅዎት “አይወደውማ” አሉኝ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የተማርኩት ቃሉ ረዘመ እንጂ ከዚያ ብዙም አልራቀም።

ለልጆቹም እንደዚያው ነገርኳቸው። ማግኔት ብረትን ይስባል፤ እንጨትና ፕላስቲክን ዞር ብሎ አያያቸውም። ሁለት ጫፍ አለው፤ የተለያዩት ጫፎች ይሳሳባሉ፣ አንድ ዓይነቶቹ ይገፋፋሉ። ለሁለት ብትሰብሩት እንኳ አንድ ጫፍ ብቻ ያለው ስባሪ አታገኙም፣ እያንዳንዱ ስባሪ ባለ ሁለት ጫፍ ሆኖ ይቀራል አልኳቸው። አላመኑኝም፤ ሰብሬ አሳየኋቸው። ከዚያ ማግኔት ያለበትን ነገር ከየቤታችሁ አስቡ ስላቸው የፍሪጅ በር፣ የቴሌቪዥን ድምፅ ማጉያ፣ የወፍጮ ሞተር፣ የቦርሳ መዝጊያ እያሉ ክፍሉን አናጉት። የስልክ ከቨር ያለ ልጅ አልነበረም። እኔም አላልኩም።

ስለ ቤቴ ደግሞ ልንገርዎት። የተከራየሁት ክፍል ወይዘሮ ተዋበች የሚባሉ ሴትዮ ግቢ ውስጥ ነው። ደግ ሰው ናቸው፤ ግን ማለዳ ወደ ንግዳቸው ይወጣሉ፣ ሲመለሱም የእኔ በር ተዘግቷል። የተቀሩት ተከራዮች ኢንዱስትሪ ፓርክ በፈረቃ የሚሠሩ ልጆች ናቸው፤ አንዷ ስትገባ አንዷ ትወጣለች። ከመልካቸው ይልቅ በር ላይ የሚያወልቁትን ጫማ ለይቼ አውቃለሁ። መስከረም ላይ እንደገባሁ፣ ሲሸኙኝ የሰጡኝን፣ አላህ ይዘንላትና የእማዬን መስገጃ ከሻንጣ አወጣሁና ቂብላው በየት አቅጣጫ እንደሆነ በስልኬ ኮምፓስ ፈለግሁ። ስልኩ ወደ ሐይቁ በኩል አመለከተኝ። መስኮቴ ከግንብ አጥር ጋር የተፋጠጠ ስለሆነ ፀሐይ በየት እንደምትወጣ አይታየኝም። ሰው ልጠይቅ ብልስ ማንን? መስገጃውን አነጠፍኩ፣ አልጋውንም ዕቃ ያወረዱልኝ ሰዎች ለእሱ እንዲመች አድርገው አስቀመጡልኝ።

መስጊድ ስሄድ ከሰው ጋር ተሰልፌ እሰግዳለሁ፤ ቤቴ ስገባ ስልኬ ባሳየኝ። ረመዳንንም እንደዚያው ጨረስኩት። ብቻዬን አፈጠርኩ፤ አንዳንድ ቀን ሳላስበው ሁለት ሳህን አቀርብ ነበር፣ ለምን እንደሆነ አይጠይቁኝ። በሲዳማ ዘመን መለወጫ በፊቼ ዕለት ጉዱማሌ አደባባይ ሄጄ ሰው ሲጨፍር ቆሜ አየሁ። አንዲት የማላውቃቸው እናት እጄን ጨብጠው እንኳን አደረሰሽ አሉኝ። ያን እጅ እስከ ማታ ሳስበው ዋልኩ።

ባለፈው ሳምንት ልጆቹን ኮምፓስ እንሥራ አልኳቸው። የልብስ መስፊያ መርፌ በማግኔት ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ደጋግሜ አሸሁና በቁራጭ ፎም ላይ አጋድሜ ጎድጓዳ ሳህን ውሃ ላይ አንሳፈፍኩት። መርፌው ራሱ ዞሮ ቆመ። በጣታችን ብናዞረውም ተመልሶ እዚያው። መሬት ራሷ ትልቅ ማግኔት ስለሆነች መርፌውን ሰሜንና ደቡብ ታስይዘዋለች ብዬ አስረዳኋቸው። የትኛው ጫፍ ሰሜን እንደሆነ ለማረጋገጥ ደግሞ ስልኬን አወጣሁ። መርፌው በሰሌዳውና በኋላው ግድግዳ መካከል ተጋድሞ ሳለ ስልኬ ሰሜን በበሩ በኩል ነው አለ። ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ፤ የሚበዙት ከስልኩ ጎን ቆሙ፣ እኔም ጭምር። ቤተልሔም የምትባል ዝምተኛ ተማሪ አለችኝ፤ እሷ “ቲቸር፣ ከቨሩ እኮ ሲዘጋ ቀጭ ይላል” አለች።

ከመናኸሪያው አጠገብ የገዛሁት እንደ መጽሐፍ የሚከደን ከቨር ነው፤ መዝጊያው ማግኔት ነው። አወለቅሁት። ስልኩን ወዘወዝ ሳደርገው የኮምፓሱ ቀስት ቀስ ብሎ ዞረና ከመርፌው ጋር ተስማማ። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ፤ ወዲያው መስገጃው ትዝ አለኝና ሳቄ አፌ ላይ ቀረ።

ቤቴ ገብቼ ያንኑ መርፌ በሳህን ውሃ ወለሉ ላይ አስቀመጥኩት። የእማዬ መስገጃ ወደ ሐይቁ ዞሯል፤ መርፌው ወደ አልጋዬ። ከዚህ መካ በሰሜን፣ ጥቂት ወደ ቀኝ ዘንበል ብላ ነው ያለችው። የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ አባባ፣ ደመወዝም ይከፍሉኛል።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ፣ የዐስር ሶላት እንዳበቃ የሰፈራችንን መስጊድ ኡስታዝ ጠየቅኋቸው። ስላለፈው ሶላቴ ማድረግ የሚገባኝን ነገሩኝ፣ አላህ ልብሽን ያውቃል ብለውም አጽናኑኝ። ከዚያ በየዋህነት “ይህን ያህል ጊዜ ቤትሽ መጥቶ የሰገደ እንግዳ የለም እንዴ? አንድ ሰው ቢሰግድ ይነግርሽ ነበር እኮ” አሉኝ። አመስግኜ ወጣሁ። ያለቀስኩት መንገድ ላይ ነው። ያስለቀሰኝም ስህተቱ አይደለም፤ ከመስከረም ጀምሮ እዚያ ክፍል ውስጥ ከእኔ በቀር ግንባሩን መሬት ያስነካ ሰው አለመኖሩ ነው።

መስገጃውን ለማዞር አልጋው መነሳት ነበረበት፤ የጣውላ ስለሆነ ብገፋው ንቅንቅ አላለም። ለማን ልደውል ብዬ ስልኬ ላይ ያሉትን ስሞች አየሁ፤ ርዕሰ መምህሩ፣ ውሃ የሚያመላልስልኝ ባለ ባጃጅ፣ ከዚያ እናንተ። ወይዘሮ ተዋበችን ብጠይቅ እምቢ አይሉኝም ነበር፤ አልጠየቅኋቸውም። አሁን መስገጃውን በአልጋውና በበሩ መካከል አጋድሜ አነጥፋለሁ፤ ግንባሬን ላስነካ ሱጁድ ስወርድ እግሬ በሩን ይነካዋል። አልጋው እርስዎ እስኪመጡ ባለበት ይቆይ ብዬ ነው።

ነገሬ ይህ ነው አባባ። ልምጣ ባሉኝ ቁጥር በይማም በኩል “አይድከሙ፣ መንገዱ ሩቅ ነው” ስልዎት ኖሬያለሁ። ሰው ለአባቱ የሚለው እንደዚያ ስለሆነ ነው ያልኩት። አሁን ግን ይድከሙልኝ። ክረምቱ ሳይጠነክር ከይማም ጋር ይምጡ። እሱ አልጋውን ይገፋል፣ እርስዎ ከፊት ይቆማሉ፣ እኔ ከኋላ እሰግዳለሁ። ያን የምስማር መልቀሚያ ማግኔትም ለልጆቹ እንዳሳያቸው ይዘውልኝ ይምጡ። ከይማም ስልክ ጋር አንድ ኪስ እንዳይከቱት ብቻ፤ ሌላ አገር ትገባላችሁ።

አክስቴን ከዲጃን ጉልበቷን ስሜያለሁ ይበሉልኝ፤ ዱዓዋ አይለየኝ። ለይማም ሚስት ለዘይነባ፣ የላከችልኝ በርበሬ እስካሁን አላለቀም፤ የሚበላልኝ ሰው ስለሌለ ነው። ለልጃቸው ለትንሿ ፋጡማ፣ ፊደል መቁጠር እንደጀመረች ሰምቻለሁ፤ ይህን ወረቀት እያየች ታጥና። ይማምን ሰላም ይበሉልኝ፤ አሁን ደግሞ በመካከላችን ስለሌለ ይረፍ።

የሱቁ ጎረቤቶች “አስማ ምን ትላለች?” ብለው ሲጠይቁዎት፣ እባክዎን ደህና ነኝ ትላለች አይበሏቸው። ኑልኝ ትላለች ይበሏቸው።

ልጅዎ አስማ
ሀዋሳ፣ ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.