አንድ ጊዜ ብቻ «ይብሉ» ማለትን ስላስተማሩኝ

ይድረስ ለተከበሩ የውጭ ቋንቋ ትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በእናንተ ትምህርት ጤና መጠየቅ ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ አፌ ለምዶበት ነውና ይቅር ይበሉኝ። እኔ ከትምህርት ቤትዎ በር ፊት ለፊት ባለችው ጠባብ ሱቅ ልብስ የምሰፋ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሁለተኛው ረድፍ ላይ መነጽሬን እየጠራረግኩ ስማር የከረምኩ ተማሪዎ ነኝ። የተመዘገብኩት ልጄ የውጭ አገር ሰው ልታገባ ስለሆነና የሙሽራው እናት ከሰርጉ በፊት ቤተሰቡን ሊያዩ እንደሚመጡ ስለሰማሁ ነው። ልጄም «እማዬ፣ እሳቸው ካልወደዱሽ ነገሩ ይበላሻል» ብላ አስጠንቅቃኝ ነበር።

እናንተም «ቋንቋ ያለ ባህል ባዶ ነው» ብላችሁ፣ ግሱን ወደ ጎን ትታችሁ ስድስት ወር ሙሉ ባህል አስተማራችሁኝ። እግዜር ይስጥልኝ። ያተረፍኩትን ልዘርዝርልዎ።

፩ኛ. የዚያን አገር ሰው ከአንድ ክንድ በላይ መቅረብ አይገባም አላችሁ። እሳቸው መጥተው ቤቴ እንዳረፉ፣ እንግዳዬ ለሰርጉ ቀሚስ ስፊልኝ ብለው በምልክት ሲጠይቁኝ ታዲያ፣ ሳልነካቸው ወገባቸውን ከበሩ ጋር ቆሜ በዓይኔ ለካሁት። ቀሚሱ አልቆ ሲለብሱት ለእኔም ቦታ ተርፎ ነበር።

፪ኛ. ዕድሜ፣ ሕመም፣ ባልና ልጅ አይጠየቅም፤ የሚወራው ስለ አየር ጠባይ ነው አላችሁ። ሁለት ቀን ሙሉ በጣታችን እየጠቆምን ስለ ደመና ተጫወትን። በሦስተኛው ቀን ሰማዩ ጥርት ብሎ ዋለና ወሬ አለቀብን።

፫ኛ. ይህቺ እንኳ አንጀቴን ያሳረረችኝ ናት። ምግብ አንዴ ይቀርባል፤ አልፈልግም ካሉ ወዲያው ይነሣል፤ መለማመጥ ስድብ ነው አላችሁ። ሾርባ ሠርቼ «ይብሉ» አልኩ፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እምቢ አሉ፤ አነሣሁ። እንቁላሉንም እንደዚያው፤ ዳቦውም ደረቀ። ሴትዮዋ ዓይናቸው ጎድጉዶ ሳህኑን በዓይናቸው እየሸኙ ይቀመጣሉ። እኔም እንግዳ ፊት ብቻዬን አልበላም ብዬ ጦሜን አድራለሁ። በአራተኛው ቀን ልጄ ደውላ «እማዬ፣ ምን አድርገሻቸው ነው? ቤተሰቡ አልወደደኝም፣ ልመለስ ነው፣ ሰርጉም ይቅር እያሉ ነው» ብላ አለቀሰች።

ምነው አፌን በቆረጠው! ያኔ ባህላችሁን ከነመጽሐፉ መደርደሪያ ላይ ወርውሬ፣ ሳህኑን አንሥቼ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጥኩና በገዛ ቋንቋዬ «ኧረ በሞቴ! አፈር ስሆን! ይቺን ብቻ!» ብዬ ጮህኩባቸው።

ሴትዮዋ «በሞቴ» የምትለውን ሲሰሙ ብድግ አሉ። ከቦርሳቸው ደብተር አውጥተው ያችኑ ቃል በጣታቸው አሳዩኝ፤ በእኛው ፊደል ተጽፋለች። ልጄ በስልክ ስታስረዳኝ ለካስ እሳቸውም ባገራቸው የእኛን ቋንቋ ከነባህሉ ሲማሩ ከርመዋል፤ አስተማሪያቸውም እነዚህ ሰዎች «በሞቴ» ሳይሉሽ ከበላሽ ስግብግብ ይሉሻል ብሏቸው ኖሯል። ለካ አራት ቀን ሙሉ ያችን ቃል በረሃብ ሲጠብቁ ነበር! ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ እናንተና የእሳቸው አስተማሪ አብራችሁ ሁለት አሮጊቶች በረሃብ ልትጨርሱ ምንም አልቀራችሁ።

እንግዳዬ ሦስት ሳህን ሾርባ ጠጥተው ሲያበቁ፣ በምልክት ዕድሜዬን ጠየቁኝ፤ የወገቤን ሕመም ጠየቁኝ፤ የራሳቸውን ጉልበትም ገልጠው አሳዩኝ። ተቃቅፈን አለቀስን። የሰርጉም ቀን ተቆረጠ።

ስለዚህ ክቡርነትዎን በትሕትና የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ባህሉን ከሰዎቹ ጋር ስንበላ እንማረዋለን፣ እናንተ ግሱን ብቻ መልሱልን።

በስድስት ወር ትምህርት አራት ኪሎ የቀነስኩ፣ ለዚህም ውለታዎ ቀሚሶቼን ሁሉ እያጠበብኩ የማመሰግንዎ፣

የሁለተኛው ረድፍ ተማሪዎ፣ ልብስ ሰፊዋ

ማስታወሻ፦ የልጄ አማት መማሪያችሁን አገላብጠው ከሳቁ በኋላ፣ በቋንቋቸው አንድ ጥያቄ ጽፈው ለመምህራችን ስጪልኝ አሉኝ። ለመምህሩ ብሰጣቸው ወረቀቱን ዘቅዝቀው ይዘው ብዙ ካሰቡ በኋላ «ጥልቅ ጥያቄ ነው» ብለው መለሱልኝ። ለእርስዎ ልኬዋለሁ፤ እባክዎ አንብበው ይንገሩን። እኔማ እንዳላነበው የእናንተው ተማሪ ነኝ።