ስሟን ከኋላዋ ጥሪያት

ይድረስ ለልጄ ለእድላዊት፤

የቅዱስ ማርቆስ አምላክ አንቺንም ማርያማዊትንም በጥላው ይሰውራችሁ። እኔ ደኅና ነኝ፤ ቁልቁለት ላይ ብቻ ጉልበቴ ያስቸግረኛል። ገብሱ ታጭዷል። ወንድምሽ ገዳሙም ከአምበር መጥቶ አጥሩን እያደሰልኝ ነው።

ባለፈው ሳምንት ልጅሽ ሁለት ዓመት ሞልቷት አንድም ቃል አለመናገሯን ስትነግሪኝ፣ «ገዳሙም ዘግይቶ ነው የተናገረው፤ ተያት» ብዬሽ ነበር። ሙሉውን አልነገርኩሽም። ገዳሙ ቄስ ትምህርት ቤት ሳለ የኔታ የሚሉትን ተቀብሎ የሚደግመው አፋቸውን እያየ ብቻ ነበር፤ ፊታቸውን ሲያዞሩ ዝም ይላል። እኔም እልኸኛ ነው ብዬ ገረፍኩት። ጆሮው በደንብ እንደማይሰማ ያወቅነው በስምንት ዓመቱ ነው።

እሑድ በስልኩ ምስል ሳያት ማርያማዊት ጀርባዋን ሰጥታን ትጫወት ነበር። ሦስት ጊዜ ጠራኋት፤ አልዞረችም። አንቺም «ጨዋታ ይዟት ነው፣ እማዬ» አልሽኝ። እኔም ያኔ እንዲሁ ነበር የምለው።

ስለዚህ ያን ምክሬን ተዪው። ራስሽም ከኋላዋ ሆነሽ ስሟን ጥሪያት፤ ዞረችም አልዞረችም ግን በዚህ ሳምንት ጆሮዋን አስመርምሪልኝ። ሐኪሙ ያለሽንም ሳታሳጥሪ ጻፊልኝ።

ይህን ደብዳቤ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ለገዳሙ አነበብኩለት። አፌን እያየ እስከ መጨረሻው ሰማኝና፣ «እማዬ፣ ዛሬውኑ ላኪው» አለኝ።

እመብርሃን የልጅሽን ጆሮም አንደበትም ትክፈትልሽ።

እናትሽ ወለተ ሰንበት