ኳሳሩና ካሴቶችህ

ውድ አባዬ፣

እንደ ወትሮው ለጤናህ እንደምን ከርመሃል ብዬ ልጀምር ስል ተውኩት። ከተለየኸን ዓመት ከመንፈቅ ሆኖሃል አሉኝ። እኔ የሰማሁት ግን ባለፈው ማክሰኞ ነው። እንዴት አድርጌ ልመን? ከሞስኮ ስነሳ እንኳ ድምፅህን ሰምቼ ነው የወጣሁት!

ቦሌ ስወርድ ዓይኔ የፈለገው አንተን ነበር። ዕድሜህን ሙሉ የአብራሪዎችን ሬዲዮ ስትጠግን የኖርክበት ቦታ ስለሆነ፣ የሥራ ካፖርትህን እንደለበስክ ብቅ የምትል መስሎኝ። የተቀበሉኝ ግን እማዬና ታደሰ ናቸው። እማዬ ባለ አበባ ቀሚስ ለብሳለች፤ ወንድሜም ይስቃል። አባዬስ ስላቸው ጠበል ገብቷል አሉኝ። አመንኳቸው። ሃያ ሁለት ሰፈር ካለው ቤታችን እስክንደርስ ስለ ሞስኮ ብርድ ስቀልድ መጣሁ፤ እራቴን በልቼ ተኛሁ። ሲነጋጋ፣ ሰዓት እላፊው እንዳበቃ፣ ዕድርተኛው ግቢውን ሞላው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሳይ ገባኝ።

ትምህርቷን ትጨርስ ብሎ መርዶ መሸሸግ የአገራችን ወግ ነው፤ አውቃለሁ። ያስደነገጠኝ ሌላው ነው። ለካ ሸሻጊው አንተው ራስህ ነበርክ! ሐኪሙ ጉበትህ እንደማይድን ሲነግርህ፣ ቴፑ ፊት ተቀምጠህ ካሴት ስትሞላ ሰነበትክ። ወደ ሞስኮ የሚሄድ ሰው በተገኘ ቁጥር አንድ በአንድ እንዲልክልኝ ለታደሰ አደራ አልከው። እኔ ሞኟ ደግሞ ድምፁ ደከም ያለው ጉንፋን ይዞት ነው እያልኩ ሳዳምጥህ ከረምኩ።

አንድ ነገር ግን ይከነክነኝ ነበር። በካሴቶቹ ትጠይቀኛለህ እንጂ በደብዳቤ ለምጽፍልህ አትመልስልኝም። ስለማጠናው የሰማይ አካል፣ ስለ ኳሳር፣ ስንት ገጽ ጻፍኩልህ! እጅግ ሩቅ በሆነ ጋላክሲ እምብርት ውስጥ ብርሃን እንኳ የማያመልጠው ጥቁር ጉድጓድ እንዳለ፤ በዙሪያው ከሚሽከረከረው ጋዝ ከፊሉን ሲውጥ፣ ጥቂቱ ግን በሁለት ወገን እንደ ቀጭን ጅረት ወደ ጠፈር እንደሚወነጨፍ፤ የምንሰማው የሬዲዮ ሞገድም ከዚያ ጅረት እንደሚነሳ። በልጅነቴ ሬዲዮህን ስትነካካ፣ በጣቢያዎቹ መካከል ያለውን የሽሽሽ ድምፅ አሰምተኸኝ ይሄ ሁሉ ከየት ይመጣል እያልክ የምትጠይቀኝ አንተ ነበርክ። እንዴት ዝም ትለኛለህ ብዬ አኩርፌህ ነበር፤ አፈር ውስጥ ያለን ሰው ሳኮርፍ!

እንዲህም ብዬህ ነበር። የሚደርሰን ሞገድ ከቢሊዮን ዓመታት በፊት የተነሳ ነው፤ ኳሳሩ ዛሬ ጠፍቶ ይሆናል፤ እኛ ግን ገና አሁን እየሰማነው ነው። ታደሰ ይህን ሲያነብላት እማዬ፣ ማን ነገራት ብላ ጮኸች። ቀኑን ሙሉ ጎረቤቱን በየተራ ስትጠረጥር ዋለች አሉ። የምታወራው ስለ ኮከብ ነው ብሎ ለማረጋጋት ታደሰ ፍዳውን አየ። ትናንት ይህን ሲነግረኝ ሦስታችንም ሳቅን፤ ከዚያ ሳቁ ለቅሶ ሆነ።

ቤቱ ተለዋውጧል። አልጋህ ከመኝታ ቤት ወጥቷል። ጣሪያው ላይ የዘረጋኸውን የአንቴና ሽቦ የቀበሌ ሰዎች ምን ልትሰሙበት ነው ብለው አስወርደውታል። ለስኳር የሚሰለፈው ታደሰ ነው። እማዬ አሁንም የበሩን መቀርቀሪያ ሳትዘጋ አንተን ትጠብቃለች፤ ከዚያ ታስታውስና ትዘጋዋለች።

ተናድጄብሃለሁ አባዬ። እጅህን ይዤ ልሰናበትህ፣ በሬሳህ ላይ ላለቅስ ይገባኝ ነበር። ትምህርቴስ ቢቀር? ደግሞም ከመናደዴ መልሼ፣ እያመመህ ስለ እኔ ብርድ ስትጨነቅ ይታየኝና ንዴቴን እረሳዋለሁ።

ታደሰ ካሴቶቹ አልቀዋል አለኝ። የነፍስ አባታችንም ተዝካርህ በሥርዓቱ እንደወጣ፣ የቀረብህ ነገር እንደሌለ ነግረው ሊያጽናኑኝ ሞከሩ። ለእነሱ ልክ ናቸው፤ ሐዘናቸውን ጨርሰዋል። እኔ ዘንድ ግን ሞትህ ገና መድረሱ ነው። አልረሳህም አባዬ። አርባህን እኔ ከዚህ ሳምንት ጀምሬ ነው የምቆጥረው።

ልጅህ አልማዝ