ነክሮ መቁረጥ

ውድ አባዬ፣

ይህን የምጽፍልህ ከቀዶ ሕክምናው ክፍል ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ሆኜ ነው። ካስገቡህ ሁለት ሰዓት ሆኗል። ነርሷ "ገና ነው፣ ሄደሽ ቁርስሽን ብዪ" ትለኛለች፤ ምኑ ይወርድልኛል! ስትነቃ ዓይንህን እያየሁ ልነግርህ የማልደፍረው ነገር አለ።

የምግብ ማውረጃ ቧንቧህ ዕጢ የታወቀ ቀን "ዛሬውኑ ቆርጣችሁ አውጡልኝ" ብለህ ሐኪሙን ቁም ስቅሉን አሳየኸው። እሱ ደግሞ መጀመሪያ አምስት ሳምንት ኬሞና ጨረር አንድ ላይ፣ ከዚያ ዕረፍት፣ ቀዶ ሕክምናው መጨረሻ ላይ አለ። "ዕጢው ሲኮማተር በደንብ ተጠርጎ ይወጣል" አለህ። አርባ ዓመት ልብስ የሰፋህ ሰው ነህና ቶሎ ገባህ።

"ለካ እናንተም ነክራችሁ ነው የምትቆርጡት!"

ሐኪሙ ግራ ሲገባው፣ ጥጥ ጨርቅ ውሃ ውስጥ ሳይነከር ከተቆረጠ በኋላ ሲታጠብ ተኮማትሮ ደንበኛው ላይ እንደሚያጥር አስረዳኸው። ኮራሁብህ።

የጨረር ባለሙያዋ ደረትህ ላይ በቀለም አስምራ "እንዳይለቅ" ብላህ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ቀለሙ ሲደበዝዝ መስታወት ፊት ቆመህ በማስመሪያና በእስክሪብቶ አደመቅከው። በማግስቱ ስታይህ ክው አለች።

"አባባ፣ ይሄን ማነው ያሰመረው?"

"እኔ ነኛ። ያንቺ ጠማማ ነበር፣ አቃናሁልሽ።"

"ጠማማም ቢሆን ማሽኑ የሚያውቀው የኔን ነው!"

"እኔ ጋ ብትቀጠሪ ኖሮ በሳምንትሽ ትባረሪ ነበር።"

እየሳቀች ልኬቱን ከመጀመሪያው ወሰደች። እኔ በንዴት ጨስኩ፤ አንተ ግን ልክ በሚወስድ ሰው አትናደድም፣ ክንድህን አነሣህላት።

በአራተኛው ሳምንት ሳቁም አለቀ። ውሃ እንኳ ሲወርድ ያቃጥልህ ነበር። ሱሪህን በመርፌ ቁልፍ ማያያዝ ጀመርክ፤ ማጥበብ ለአንተ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር፣ ስፌት መኪናው ጋ መቀመጥ ግን አቃተህ። አንድ ጠዋት አልጋህ ጫፍ ላይ ተቀምጠህ ጫማ አላደርግም አልክ።

"በቃኝ ልጄ። እየገደሉኝ ነው።"

"ሐኪሙ ደውሎልኝ ነበር እኮ" አልኩህ። "ዕጢው በግማሽ ቀንሷል አለ።"

ማንም አልደወለም። ሕክምናው ከተጀመረ ወዲህ የተነሣ ምስል እንኳ አልነበረም። ትንሽ አየኸኝና ጎንበስ ብለህ ጫማህን አደረግክ።

አባዬ፣ የቀሩትን ቀናት የጨረስከው በእኔ ውሸት ነው። በኋላ የተነሣው ምስል ዕጢው እውነትም መቀነሱን ሲያሳይ "አላልኩህም!" ብዬ ጮህኩ፤ ማፈር እንኳ አላፈርኩም። ቤት ገብቼ ግን አለቀስኩ። ባይቀንስስ ኖሮ? ገላው የአንተ ነው፣ በቃኝ ማለትም የአንተ ነበር። እሱን ነጠቅኩህ። አንተ ለደንበኛ እንኳ የሐሰት ልክ ነግረህ አታውቅም።

ይቅር በለኝ ለማለት አልጻፍኩም። ያን ጠዋት ከማጣህ ብትጠላኝ መርጬ ነበር፤ አሁንም የምመርጠው እሱኑ ነው። ስትነቃ ይህን ወረቀት እጅህ ላይ አኖረዋለሁ። አንብበህ ተቆጣኝ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለመናገር ድምፅ ካጣህ ፊትህን ወደ ግድግዳው አዙርብኝ፣ ከፈለግክ ዓመት አኩርፈኝ፤ አጠገብህ ተቀምጬ እችለዋለሁ።

ብቻ ንቃና አኩርፈኝ።

በሩ በተከፈተ ቁጥር ብድግ የምትለው
ዋሾ ልጅህ