ቀዩ የሞተር መክደኛ

ይድረስ ለልጄ ለሮይስ። እኔና አባትህ ከክረምቱ ተርፈን ለሰላምታ በቅተናል፤ አንተስ እዚያ አውስትራሊያ እንዴት ከረምክ? እዚህ ዊስኮንሲን የሐይቁ በረዶ የቀለጠው ገና ባለፈው ሳምንት ነው።

አባትህ በእጁ የሠራትን አውሮፕላን ቅዳሜ ከጎተራው አወጣት። ወፎች ሞተሩ ውስጥ ጎጆ እንዳይሠሩ፣ ከፊት ባሉት ሁለት የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎች የሚወተፉ፣ ከበረራ በፊት ግን የሚነቀሉ ቀይ የስፖንጅ መክደኛዎች ሰፍቼለት እንደነበር ታስታውሳለህ። በተነሳ በአምስት ደቂቃው ሞተሩ ግሎበት ተመልሶ አረፈ። «አየሩ ሲሊንደሮቹን ሳያቀዘቅዝ በጎን እያመለጠ ነው» ብሎኝ እጁን ሊታጠብ ገባ። እኔ መክደኛዎቹን ከቀዳዳዎቹ መዝዤ አወጣኋቸው። የውስጥ ጎናቸው ተለብልቧል።

እሱ ሳይመለስ ጎተራው መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኳቸው። ሳምንቱን ሙሉ በሞተሩ ዙሪያ ያለውን፣ አየሩን የሚመራውን ቆርቆሮ ሲያቃና፣ የጎማ ማሸጊያውን ሲቀይር ሰነበተ። ደስ ብሎት ነው የሚሠራው፤ ያፏጫል። «የኬክ መጋገሪያሽን ደብቂ፣ ቆርቆሮ ሊያልቅብኝ ነው» እያለ ይቀልድብኛል። ሐሙስ ዕለት መክደኛዎቹን መደርደሪያው ላይ አየና አገላብጦ፣ «አሰፋፉ ያምራል፤ ማን ነው የሰፋው?» አለኝ። እኔ ነኝ አልኩት።

ዛሬ ሰማዩ ጠርቶ ስለዋለ ልብረር ብሎ ተነሳ። የሞተሩ ቁልፍ ያለው ግን እኔ ዱቄት ማስቀመጫ ውስጥ ነው። «የት ጣልኩት?» እያለ ኪሱን ሁሉ ሲገለብጥ ዋለ። እኔም ጎንበስ ብዬ አብሬው ስፈልግ ዋልኩ።

ሥራህ ፋታ ከሰጠህ ብቅ በል። ስትደውልለት ስለ ቁልፉ አታንሳበት፤ ስለ ቆርቆሮው ጠይቀው። ባለህበት እግዜር ይጠብቅህ።

እናትህ አርዲስ