የኋላውን ገጽ ሳላገላብጥ

ሰኞ

አቃጠልሁት። የእህቴን የጥሩዓለምን ደብተር፣ ጓሮ ወስጄ፣ ክብሪት ጭሬ። ክብ በክብ ውስጥ፣ ዓይን የመሰለ ሥዕል፣ የማላውቀው ፊደል፤ ከሥሩ በራሷ እጅ ጽሕፈት «ቁስል የሚያሽር ቃል»፣ «ሦስት ጊዜ ሲሉት በር የሚከፍት»። ቁርጥ የጠንቋይ ክታብ! እናታችን አምናኝ ከሽንዲ ወደ ቡሬ እኔ ዘንድ የላከቻት እንድትማር ነው እንጂ ድግምት እንድትደግም ነው? ለንስሐ አባታችን ለአባ ላእከ ነገርኋቸው። «በል ነገ ጠበል ይዘሃት ና» አሉኝ።

እሷ አላለቀሰችም። ጎንበስ ብላ አመዱን አየች።

ማክሰኞ

ጎሕ ሲቀድ ጠበል ወሰድኋት። ውሃው በረዶ ነው። ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ «ጋሼ፣ የኋላውን ገጽ አንብበኸው ነበር?» ምን ይነበባል ብዬ ተቆጣሁ። የተቆጣሁት ስላላነበብሁት ነው።

ረቡዕ

ጉድ ፈላ! የኮምፒውተር መምህሩ ደሳለኝ በእረፍት ሰዓት፣ «እህትህ ለቅዳሜው የሳይንስ ውድድር ደብተሯን ጨረሰች?» አለኝ። በእኔ ኮምፒውተር ላይ ጌም የጫነላት እሱ ነው፤ ሁሉንም እሱ ነገረኝ። ጠንቋዮች ያሉበት ጌም። መጨረሻው ላይ ግን አስማት የተባለው ሁሉ የጥንት ሰዎች ትተውት የሄዱት ማሽን ሆኖ ይገኛል፤ የልጅ ልጆቻቸው አሠራሩን ረስተው ይሰግዱለታል። ጥሩዓለም ከየገጹ ፊት የጌሙን አስማት ሥላ፣ ከኋላው በድምፅ፣ በብርሃን፣ በማግኔት እንዴት ሊሠራ እንደሚችል ጽፋ ነበር።

እኔስ የማስተምረው ምንድን ነው? ፊዚክስ! ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ።

ሐሙስ

አባ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ተናዘዝሁ። «እኔ ያንን ፊደል መች አውቀዋለሁ ልጄ? አስማት ነው ያልኸኝ አንተ ነህ። የተማረ ሰው ነገረኝ ብዬ አመንሁ» አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ይቅርታውን እሷን ጠይቅ» ብለው አሰናበቱኝ።

ዓርብ

ታላቅ በታናሹ እግር ሥር ሲወድቅ በአገራችን አይታይም። ወደቅሁ። «ተነሥ ጋሼ፣ ሰው ያያል!» አለች። ከዚያ፣ «አዲስ ደብተር ግዛ። እኔ እነግርሃለሁ፣ አንተ ሣል።»

ክቡን ስሥል፣ ስጽፍ እጄ ዛለ። ከዐሥራ አራቱ ገጾች ዐሥሩ ትዝ አሏት፤ አራቱ ጠፉ። ያኔ ነው እንባዋ የመጣው።

ቅዳሜ፣ ፍኖተ ሰላም

አንዱ ዳኛ፣ «ለመሆኑ አስማት ምንድን ነው?» አሏት።

«የኋላውን ገጽ ያላነበቡት ነገር ነው» አለች።

አዳራሹ ሳቀ። እኔ ጫማዬን አየሁ። ውጤቱ ሰኞ ነው የሚነገር። ብትወድቅ በእኔ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ። «ጋሼ፣ ከጠፉት አንዷ መጣችልኝ። እስክሪብቶ ይዘሃል?»

ይዤ ነበር።